በቁርባናችን ዋዜማ የጠጣሁት ውሃ

ይህን የምጽፈው ሐኪም ለመውቀስ አይደለም። ሰው ሲታመም፣ በተለይ ሳይሻለው ሲከርም፣ ሐኪም መርገም ይቀናዋል፤ እኔም ረግሜያለሁ። እውነቱን ከተናገርን ግን ሐኪሙ የሚገባውን ጠይቆኛል፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ደም እየተፋሁ፣ ሞት ደጄ ቆሞ፣ ያንኑ አንድ ውሸት ታቅፌ ተቀመጥኩ። እንደኔ ያለ ሞኝ ሌላም አይጠፋምና ይማርበት ብዬ ነው።

ወረታ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ከዓመታት በፊት ደም ግፊቴ ከፍ ሲል "ተራመጂ" ተባልኩና ከቅዳሜ እግረኞች ጋር ተቀላቀልኩ። አሥራ አንድ ነን፤ ግማሹ ስኳር፣ ግማሹ ግፊት ያለበት። መሪያችን ጋሽ አለባቸው ይባላሉ፤ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ "ከእንግዲህ መኪና ላይ አልወጣም" ያሉ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ማለዳ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ በሩዝ እርሻው መሐል እንወጣለን። አንዳንዴ እስከ ርብ ወንዝ፣ አንዳንዴም አድረን የምንመለስበት ሩቅ መንገድ። ጋሽ አለባቸው አንድ ሕግ አላቸው፤ ማንም ከቤቱ ከያዘው ውሃ ሌላ አይጠጣም። "የፎገራን ውሃ ለፎገራ ከብት ተዉለት" ይላሉ። እኔም ከሁሉ ቀድሜ አንገቴን የምነቀንቅ ነበርኩ።

ባለቤቴ ሙላትም ከእግረኞቹ አንዱ ነው። በሰማንያ ተጋብተን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረናል፤ ሕሊና የምትባል አንዲት ልጅ አለችን። ባለፈው ዐቢይ ጾም ትዳራችንን በቁርባን እናጽና ብለን ወሰንን። ሰማንያ ይፈታል፣ ቁርባን ግን አይፈታምና ቀላል ነገር አይደለም። የንስሐ አባታችን ቄስ ታረቀኝ ለሳምንታት ሲያዘጋጁን ከርመው "በሉ እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ያስፈጽማችሁ" ብለው መረቁን። ጣራ ገዳም ሄደን እንቁረብ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እናቴ እኔን ለመውለድ የተሳለችበት ቦታ ነው። እግረኞቹ ሲሰሙ "እንሸኛችኋለን እንጂ! ሙሽሮች ብቻቸውን ይሄዳሉ እንዴ?" ብለው ተነሡ። ቅዳሜ ከወረታ በእግር ወጥተን፣ አዲስ ዘመንን አልፈን፣ ገዳሙ አጠገብ አድረን እሑድ ጠዋት ልንቆርብ ነው።

ለቁርባን አሥራ ስምንት ሰዓት ይጾማል። እህል ብቻ መሰላችሁ? ጠብታ ውሃም የለም። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር የመጨረሻዋን ጉርሻ ጎርሰን፣ ውሃ ጠጥተን፣ እኔና ሙላት የውሃ ኮዳችንን ለጋሽ አለባቸው አስረከብን። "ፈተና ከእጅ ይራቅ" አለ ሙላት እየሳቀ። መጋቢት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሌሎቹ በየጥላው እያረፉ ሲጠጡ እኔ ፊቴን አዞራለሁ። የገዳሙ ዳገት ግርጌ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል፤ ምላሴ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቋል።

"ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባ፤ ሂዱ፣ እደርስባችኋለሁ" አልኳቸው። ጠጠሩ እውነት ነው። ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ሾላ ሥር ምንጭ አለች፤ በጋው አድርቋት አንሳለች፣ ዳር ዳሯን የከብት ኮቴ ረጋግጦታል። ፊቴን ልታጠብ ብዬ ነው የወረድኩት፤ እግዚአብሔር ያውቃል። ታጠብኩ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በግንባሬ ተደፍቼ እንደ ጥጃ ውሃውን ሳብኩት። አምስት ጉንጭ። ቀና ስል ዙሪያዬ ማንም የለም። አፌን በነጠላዬ ጠርጌ ዳገቱን ተያያዝኩት።

በዚያች ሰዓት "ነገ አልቆርብም" ማለት ነበረብኝ። ይህን ማንም ልጅ ያውቀዋል። ግን ዘጠኝ ሰው ሥራውን ትቶ ሸኝቶናል። ሙላት ደግሞ ከፊት ከፊቴ እንደ ጎረምሳ ሲራመድ አየሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ምን ብዬ ልንገረው? አፌን ዘጋሁና እሑድ ጠዋት ቆረብኩ።

ከቅዳሴ ወጥተን እልል ሲባል ጉሮሮዬን አንድ ነገር ከረከረኝ፤ ፀጉር የዋጥኩ ይመስል። እንግዲህ የቆረበ ሰው በዕለቱ ምራቁን አይተፋም። አፌን በነጠላ ሸፍኜ እሑድን ሙሉ ስውጥ ዋልኩ። ወደ ማታ ምራቄ የብረት ጣዕም መጣበት። ውይ ጉዴ! ሰኞ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሳል መጣብኝ፤ መሐረቤን ከአፌ ሳነሣው ቀይ ሆኗል። ሕፃናቱ እንዳያዩ ጨብጬ ኪሴ ከተትኩት። "መጣልሽ" አልኩ ለራሴ፤ "የድፍረትሽን ዋጋ ተቀበይ።"

መጀመሪያ የሄድኩት እዚያው ወረታ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። ጉሮሮዬን በባትሪ አይተው "ቶንሲል ነው" አሉና የሳምንት መድኃኒት ሰጡኝ። ጨረስኩት፤ ደሙ አልቆመም። ከዚያ ጤና ጣቢያ አክታዬን ሦስት ጊዜ ሰጠሁ፤ የቲቢ ተሕዋሲ አልተገኘበትም። ድምፄ ግን እየጎረነነ ሄደ። ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እንደ ወንድ ሆኑ እኮ" ብለው ሳቁብኝ፤ አብሬያቸው ሳቅሁ። ጋደም ስል ደግሞ ጉሮሮዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። ይህን ለሙላት አልነገርኩትም፤ እብደት ጀመራት እንዳይል ፈራሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ሙላት ይዞኝ ትልቅ ሆስፒታል ሄድን። ተራ እስኪደርሰን አግዳሚ ወንበር ላይ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረቤን አይተው ልጃቸውን ወደ ሌላ ጎን አዞሩት። አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ። አዳመጠኝ፣ ራጅ አስነሣኝ፣ ደሜን አስመረመረ። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ እንዲህ አለኝ።

"መምህርት፣ ከአንድ ወር ወዲህ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ጎንበስ ብለው ውሃ ጠጥተዋል?"

ሙላት ከጎኔ ቆሟል። እኔ አፌን ሳልከፍት ሙላት ቀደመኝ።

"ኧረ ዶክተር! እሷ የቁርባን ሰው ናት፤ ውሃዋን ይዛ ነው የምትሄደው።"

"አልጠጣሁም" አልኩ እኔም።

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አልጠጣሁም አልኩህ እኮ!" ጮህኩበት። ምስኪን ልጅ፣ ምን በደለኝ? ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። ራጁ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ስላለ፣ ሌላ ምክንያትም ስላልተገኘ፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምሪ ተባልኩ፤ ስድስት ወር የሚዋጥ። ደምሽ አንሷል ብለውም የብረት እንክብል ጨመሩልኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ስንቱን ሰው መክሬያለሁ! ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ቤት አልሆነም። ሕሊናን "ይተላለፋል" ብለን የሙላት እህት ቤት ሰደድናት። ልጄ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆማ "እማዬ፣ አልስምሽም እንዴ?" ስትለኝ በእጄ "ሂጂ፣ ሂጂ" አልኳት። በሽታው የማይተላለፍ ሊሆን እንደሚችል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ግን አልተናገርኩም። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይቃጠላል። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወጣሁ። ብርጭቆዬና ሳህኔ ተለየ። እግረኞቹ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ጋሽ አለባቸው ብቻ ናቸው ገብተው አጠገቤ የተቀመጡት፤ "እኔ ያረጀ ሳንባ ነው ያለኝ፣ ማንም አይፈልገውም" ብለው አሳቁኝ።

ፋሲካ ገባ። ሁሉም ሲፈስክ እኔ አጥሚት እንኳ አልወርድ አለኝ። የሙላት እህት "ወንዛዬ ፍል ውሃ ያሻላታል" ብላ ወሰደችኝ። እንፋሎቱ ውስጥ ስገባ ሳሌ ባሰ፤ ደሙ በአፍም በአፍንጫም መጣ፤ ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ሴቶች ተሸክመው አወጡኝ። "ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይባላል፤ የኔ ውሸት ግን እያደር ከበደ። አንዴ ከዋሸሁ በኋላ እውነቱን ለመናገር ቁርባኑን ማፍረስ፣ ሙላትን ማዋረድ፣ ዶክተሩን "ዋሽቼሃለሁ" ማለት ሆነብኝ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር፣ መቀጣት ይገባኛል ብዬ አምኜ ነበር። እግዚአብሔር የላከውን ሐኪም ምን ያደርገዋል ብዬ ቁጭ አልኩ።

በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ቀና ብዬ ተቀምጬ ሳለ ትንፋሼ ድንገት ተቆለፈ። አየሩ አይገባም፣ አይወጣም። አልጋውን በእጄ ደበደብኩ። ሙላት ሮጦ ገባ፤ ጀርባዬን መታኝ፣ አንሥቶ ነቀነቀኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንዲት ቀጭን ትንፋሽ ፉጨት እያሰማች ገባች። ስናገር ድምፄ ሹክሹክታ ነው። "ቄስ ታረቀኝን ጥራልኝ" አልኩት። እየሞትኩ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ሳልናዘዝ መሞት ደግሞ ከሁሉ በላይ አስፈራኝ።

ቄስ ታረቀኝ ሲበዛ የሜዳ ሰው ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሩዛቸውን የሚያርሙ፣ በሬያቸውን ራሳቸው የሚጠምዱ። ያን ቀንም ከማሳ ነው የተጠሩት፤ እግራቸው ላይ ጭቃ አለ። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሁሉንም ሰው አስወጡና በሩን ዘጉ።

"አባቴ" አልኩ፣ "ውሃ ጠጥቼ ነው የቆረብኩት።"

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። መስቀላቸውን ይዘው እንደተቀመጡ፦

"የት ነው የጠጣሽው?" አሉኝ።

"ከጣራ ገዳም ግርጌ፤ ከመንገዱ በታች።"

"ሾላ ያለባት? ከብት የሚወርድባት?"

ተናደድኩ! ነፍሴ ልትወጣ ነው፣ እሳቸው ስለ ከብት ይጠይቁኛል። "አዎ፣ አባቴ" አልኩ።

"በእጅሽ ቀድተሽ ነው ወይስ በአፍሽ?"

"በአፌ።"

"በስመ አብ!" ብለው ብድግ አሉ። "ወለተ ማርያም፣ አልቅት ነው የያዘሽ! ባለፈው በጋ በሬዬ ከአፍንጫው ደም ሲንጠባጠብ፣ ሲከሳ ከርሞ በጉጠት ነው ያወጣንለት። ውሃ ሲያንስ አልቅቱ እዚያው ይሰበሰባል፤ ትንሽ ሳለ ከክር አይወፍርም። ደም ጠጥቶ ነው የሚያብጠው።"

አልቅት እኔም አውቃለሁ፤ ደም የሚመጥ የውሃ ትል ነው። ከብት ሲይዝ አይቻለሁ። ሰው ይይዛል ብዬ፣ እኔን ይይዛል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ያ ጉሮሮዬ ውስጥ ሲንቀሳቀስ የኖረው ነገር ትዝ ሲለኝ አንገቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"ቅጣቴ አይደለም ታዲያ?" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"ኃጢአቱ ኃጢአት ነው፤ አላቃልልልሽም። ቀኖናሽን ስትድኚ እሰጥሻለሁ። አልቅቱ ግን የመጣው ከውሃው ነው። ያን ውሃ ጿሚም ቢጠጣው፣ በላተኛም ቢጠጣው ይይዘዋል። አሁን ተነሽ።"

"እባክዎ አባቴ፣ ለሙላት እርስዎ ይንገሩልኝ። ለሐኪሙም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "የንስሐ ነገር ከኔ አፍ አይወጣም፤ ብትሞቺም አልናገር። ለሐኪሙ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። እነግራለሁ በይኝ።"

"እነግራለሁ" አልኩ።

በሩን ከፈቱና ሙላትን "ዛሬውኑ ባሕር ዳር፣ ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ አድርሳት" አሉት። ሌላ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እንዴት ጭንቅ እንደነበረባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት።

የሄድንበት መኪና በተነቃነቀ ቁጥር ትንፋሼ እየተቆረጠ ባሕር ዳር ደረስን። መጠበቂያው ሞልቷል። ሙላት ትከሻዬን ደግፎ ይዞኛል። ስሜ ሲጠራ አብሮኝ ሊገባ ተነሣ።

"አንተ እዚህ ቆይ" አልኩት።

"ለምን?"

"ቆይ አልኩህ።"

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብዬው አላውቅም። ተመልሶ ተቀመጠ። ገባሁና በሩ ሳይዘጋ ለሐኪሟ "ከምንጭ በአፌ ውሃ ጠጥቻለሁ፤ ስድስት ሳምንት ሆነው" አልኳት። ስድስት ሳምንት ያነቀኝ ነገር እኮ ይህን ያህል ነው! ሐኪሟ ቅንድቧን እንኳ አላነሣችም። "ቶሎ ተቀመጪ፤ አትተኚ" ብላ ጉሮሮዬን በሚያደነዝዝ መድኃኒት ረጨችው። ጫፏ ላይ ካሜራ ያላት ቀጭን ቱቦ በአፍንጫዬ አስገባች። ከጎኗ የነበረችው ነርስ ስክሪኑን አይታ "እመቤቴ!" አለች። እኔም አየሁት። ከድምፅ ሳጥኔ በላይ ጥቁር ነገር ተጣብቋል፤ ይተነፍስ ይመስል ያብጣል፣ ይኮማተራል።

ሐኪሟ ረጅም መቆንጠጫ ከተተች። ያዘችው፣ አዳለጣት። ትንፋሼ ተዘጋ፤ ነርሷ ሁለት እጄን ጥርቅም አድርጋ ያዘች። ሐኪሟ እንደገና ያዘችው፣ እንደገና ሳበች። የሆነ ነገር ከውስጤ ሲላቀቅ ተሰማኝ፤ ከዚያ አየር ገባ። እንደዚያ ያለ አየር! ማልቀስ ጀመርኩ። ብረት ሳህኑ ላይ የትንሽ ጣት የሚያህል አልቅት ይገላበጣል።

ሙላትን ጠርተው አሳዩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደገባ አንድም ነገር አልጠየቀም። ያን ጊዜ በድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት። ደም ተሰጠኝ፤ አራት ቀን ተኛሁ። ደሙ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆመ። የቲቢ መድኃኒቱንም እንደገና መርምረው አስቆሙልኝ። ለሕሊና ደውዬ "ወደ ቤትሽ ግቢ፣ እየመጣሁ ነው" ስላት በስልኩ ውስጥ ጮኸች።

ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። ሙላት በመስኮት ብርቱካን ገዝቶ ይልጥልኛል። ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም።

"ሙላት፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነው። ብትቆጣም ተቆጣ።"

ብርቱካኑን እየላጠ "ስለ ምንጯ ነው?" አለኝ።

"ማን ነገረህ?" ድምፄ ገና አልጠራም። "ቄስ ታረቀኝ ናቸው?"

"ማንም አልነገረኝም። ልጠብቅሽ ብዬ ተመልሼ ነበር። ከላይ ከመንገዱ ሆኜ አየሁሽ፤ በግንባርሽ ተደፍተሽ ስትጠጪ። ከዚያ እንዳታፍሪ ብዬ ተደብቄ ቀድሜሽ ሄድኩ።"

"ዶክተሩ ሲጠይቀኝስ? አንተ አይደለህም ቀድመህ የመለስከው?"

"እኔ ነኝ። ፊትሽ ሲቀላ አየሁት። አንቺ ከምታፍሪ እኔ ልዋሽልሽ አልኩ።" ብርቱካኑ እጁ ላይ ተጨፈለቀ። "ውሃ ሰው ይገድላል ብዬ አላሰብኩም፣ የሺ። ያን ነገር ሳህኑ ላይ ሳየው... ለካ ስገድልሽ ነው የከረምኩት።"

በቡጢ ትከሻውን መታሁት፤ ደግሜ መታሁት፣ ከዚያ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ስድስት ሳምንት ሙሉ እኔ ከሱ ስደብቅ፣ እሱ ከኔ ሲደብቅ፣ ሁለታችንም ያንኑ አምስት ጉንጭ ውሃ! ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞር ብላ "ምነው እህቴ፣ ሰው ሞተባችሁ?" አለችኝ። "ሊሞት ነበር" አልኳት።

ሁለታችንም በየተራ ቄስ ታረቀኝ ዘንድ ገብተን ወጣን። እሱ የተሰጠውን ቀኖና አልነገረኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ብቻ ስግደቱን ከሱ ቀድሜ ጨረስኩ። በሰኔ እንደገና ቆረብን፤ በደብራችን፣ ከቤታችን አምስት ደቂቃ በማትሞላ መንገድ። ቅዳሜ መራመዱንም ጀምሬያለሁ። ከባድ ዳገት ላይ እስከ ዛሬ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ እግረኞቹም "ቁጭ በይ፣ እንጠብቅሻለን" ይሉኛል። ያን ወጣት ዶክተርም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። "ባለቤትዎን ማስወጣት ነበረብኝ" አለኝ፤ በኔ ጥፋት ራሱን ሲወቅስ አፈርኩ።

በአፋችሁ ከምንጭ አትጠጡ፤ ይህን ማንም ይነግራችኋል። ደም ስትተፉ ሳታውቁ ሌላ በሽታ ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ይህንንም ሐኪም ይነግራችኋል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትገቡ፣ ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚወዳችሁን ሰው ውጭ አስቀምጡት።